የሌላ ሰው ስም ጭራ

ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በባንዱንግ ከተማ፣ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ባለው ፎቅ፣ ስምንት ሰዎች ከበውት ይስቃሉ። ዘጠነኛዋ ኢማስ አልሳቀችም።

«እኔ የምለው፣ ይኼ ማሽናችሁ ከመቼ ወዲህ ነው የሱንዳ ሰው የሆነው?» ትላለች በወዲያኛው ጫፍ አዋላጇ፣ በእነሱ አጠራር «ቢዳን»፣ ኑኑንግ። የምትደውለው ጋሩት ከሚባለው አገር፣ ከእሳተ ገሞራው ተራራ ሥር ካለች መንደር ነው። «ትናንት ቲቲን የምትባል ነፍሰ ጡር መጣችልኝ። ቲቲን ብቻ! እናት አባቷ ሌላ ስም አልጨመሩላትም። እኔም ቲቲን ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲወጣ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቲቲን ካርቲኒ! ልጅቱ በደስታ ልታብድ። ‹ቢዳን፣ መንግሥት ስም ሰጠኝ እንዴ?› አለችኝ።»

ዴደን የሚባለው ፕሮግራም ጸሐፊ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ማሽኑ ግማሽ ስም አይወድም ማለት ነው፣ ቢዳን። ቆዩ ብቻ፣ በሚቀጥለው ባል ይፈልግላታል።»

«ባልስ አላት። ይልቅ ለባሏ ሥራ ይፈልግለት!»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። የአካባቢው ሕዝብ በሆኑት በሱንዳ ሰዎች ዘንድ ሁለተኛው ስም የመጀመሪያውን ማስተጋባት ይወዳል። የልጅቷ ስም በ«ቲን» ካለቀ ተከታዩ በ«ቲኒ» ሲያልቅ ለጆሮ ይጥማል፤ ቲቲን ካርቲኒ የምትባል ሴት በየሰፈሩ ትኖራለች። ማንም ያልደነገጠው ለዚህ ነው። ስህተቱ የአገር ልብስ ለብሶ ነበር የመጣው።

«ቢዳን ኑኑንግ፣» አለች ኢማስ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ፣ «ከቲቲን በፊት በዚያ ማሽን የመረመሯት ሴት ማን ነበረች?»

«ከሷ በፊት? ቆይ መዝገቡን ልየው... ኤንቲን ናት። ጎረቤቷ።»

«ኤንቲን ማን?»

«ኤንቲን ካርቲኒ።»

ሳቁ አንድ ላይ አልቆመም። መጀመሪያ ዴደን ዝም አለ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለው፤ በመጨረሻ ከበር በኩል የቆመችው ጸሐፊ ብቻዋን ስትስቅ ተሰማችና እሷም ደነገጠች። ኤንቲንም ቲቲንም በእነሱ ፊደል አምስት አምስት ሆሄ ናቸው። አዲሱ ስም በአሮጌው ላይ አርፎ ጭንቅላቱን ሸፍኖታል፤ ጭራው ግን ሳይሸፈን ቀርቷል። ቲቲን የተሰጣት ስም አልነበረም፤ ከእሷ በፊት ካለፈችው ሴት የተረፈ ቅሪት እንጂ።

ኢማስ ያን ቀን ወንበሯ ላይ አልተመለሰችም።

ኢማስ ኩራኤሲን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ስትራመድ የተጣደፈች፣ ስትቆም ደግሞ ልትሄድ የተነሳች ትመስላለች። እናቷን «አምቡ» ነው የምትላት። አምቡ በቺቻሄም አውቶቡስ መናኸሪያ ጥግ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ እየሸጠች ብቻዋን አሳደገቻት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እዚህ ድርጅት ስትቀጠር ሥራዋ ሽቦ መበየድ ነበር። የሰው ሥራ ላይ እንከን ስታወጣ ጊዜ አለቃዋ ፓ ሱርያናታ፣ ፓ አባት እንደማለት ነው፣ ጠርቶ፣ «አንቺ ማፍረስ ነው የምትወጂው። በይ በደመወዝ አፍርሺ» አላት። ከዚያ ወዲህ ፈታኝ ናት። በዚያ ቤት የሚሠራ ማናቸውም መሣሪያ እሷ ሳትፈርምበት ለደንበኛ አይሰጥም። ባልደረቦቿ «ቴህ ኢማስ» ሲሏት፣ ታላቅ እህት ማለታቸው ነው፣ በድምፃቸው ውስጥ ጥቂት ፍርሃት አለ።

ድርጅቱ የፅንስ ልብ ማዳመጫ ይሠራል። የእናቲቱ ሆድ ላይ ይደረጋል፣ የሕፃኑን የልብ ምት ይሰማል፣ በቀጭን ወረቀት ላይ ከስሟ ጋር አትሞ ያወጣል። አምስቱ ለሙከራ መንደር ወርደዋል። ስድሳው ደግሞ በሳጥን ታሽጎ በጫማ መደብሩ መጋዘን ተደርድሯል፤ የፊታችን ዓርብ በጋሩት አዳራሽ፣ ባለሥልጣን በተገኘበት፣ ለስድሳ አዋላጆች ሊታደል። የቀረው የኢማስ ፊርማ ብቻ ነበር።

በማንኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ግዛት አለ። በውጭው ተራ ፕሮግራሞች ይኖራሉ፤ ይሳሳታሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይሞታሉ፣ ማንም አያለቅስላቸውም። በውስጠኛው የሥርዓቱ አስኳል አለ፤ እሱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ። እነ ኢማስ አስኳሉን «ጎዋህ» ይሉታል። ጎዋህ በድሮው የሱንዳ ቤት ሩዝ የሚቀመጥበት፣ ከቤቱ እመቤት በቀር ማንም የማይረግጠው ጓዳ ነው። እንግዳ በረንዳ ላይ ቆሞ «ፑንተን» ይላል፤ ይቅርታ፣ ልለፍ ወይ እንደማለት። ከውስጥ «ማንጋ» ካልተባለ እግሩን አያነሳም። ቢፈቀድለትም ጓዳ አይገባም። እመቤቲቱ ራሷ ወጥታ ያመጣውን ከእጁ ትቀበልና በራሷ ሳህን ገልብጣ ይዛ ትገባለች።

አደጋው ያለው እዚያ ደጃፍ ላይ፣ ከእጅ ወደ ሳህን በሚገለበጥባት ቅጽበት ነው። እንግዳው የውሸት አድራሻ ሊሰጥ ይችላል። የያዘው ነገር መሃል መንገድ ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ሲቋረጥ ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስንት ሳይገለበጥ እንደቀረ መናገር። ሁለተኛ፣ ያልሞላውን የሳህኑን ክፍል ጠርጎ ባዶ ማድረግ። ባዶ ነገር ሐቀኛ ነው፤ አላውቅም ይላል። ያልተጠረገ ሳህን ግን የትናንቱን እንግዳ ምግብ ለዛሬው ያቀርባል፣ ያውም ሞልቶ።

የመጀመሪያው ሕግ አንድ ጊዜ አሳፍሯት ያውቃል። ከወረዳ የመጡ ሰውዬ ከኋላዋ ቆመው፣ «ስንት መጣ?» አሏት። «ዜሮ!» አለች ፊቷ በርቶ። ምንም ሳይቀር ተገለበጠ ማለቷ ነበር። ሰውዬው ከንፈራቸውን መጠው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ነገ ሌላ ቀን ነው» ብለዋት ሄዱ። ፓ ሱርያናታ ከዚያ ወዲህ ከእንግዳ ጋር እንድታወራ አይፈልግም።

ሁለተኛውን ሕግ የሚፈትነውን ፈተና የጻፈችው ከሰባት ዓመት በፊት ራሷ ኢማስ ናት። ሆን ብላ የተበላሸ አድራሻ ትልካለች፤ አስኳሉ እምቢ ማለቱን ታያለች፤ ከዚያ ሳህኑን ከዳር እስከ ዳር ባይት በባይት ትመረምራለች። ባዶ ከሆነ አረንጓዴ ይበራል። ሰባት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ሲበራ ኖሯል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያንን ፈተና አሥራ አንድ ጊዜ አስኬደችው። አሥራ አንድ ጊዜ አረንጓዴ። በየመሃሉ ተነስታ ደረጃውን እስከ ጫማ መደብሩ ትወርዳለች፣ ነጋዴው «ቁጥር ስንት ልስጥሽ?» ሲላት መልሳ ትወጣለች። መስኮት ትከፍታለች፤ ዝናቡ ሲገባ ትዘጋለች። ነጠላ ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ጧ ጧ ሲል ዴደን በመጨረሻ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ቴህ፣ እባክሽ አንድ ቦታ ተቀመጪ። ወለሉን ልትጨርሺው ነው።»

«ያ አዲሱ ግልበጣህ፣» አለች፣ «ለአዲሱ ቺፕ የጻፍከው። ጭራውን ይጠርጋል?»

ዴደን ከአራት ወር በፊት የግልበጣውን መንገድ እንደ አዲስ ጽፎት ነበር። እጥፍ ፈጣን ሆነ፤ ሁሉም አጨበጨበለት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሰነፍም ግድ የለሽም አይደለም።

«አንቺው ነሽ የፈተንሽው። አረንጓዴ አላለም?»

«ብሏል።»

«እና? ካንቺ ፈተና በላይ ማንን ልመን?»

ኢማስ ወደ ደረጃው ተመለሰች። ሰው ጠላቱን ከውጭ ሲጠብቅ ሲኖር፣ ቤቱን ከውስጥ ስለመቆለፉ መጠራጠር የሚጀምርበት ሰዓት አለ። ያ ሰዓት ዕረፍት የለውም።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ አምቡ ሄደች። የምትበላው አጥታ አልነበረም፤ እግሯ ነው የወሰዳት።

የአምቡ መሸጫ እንደወትሮው ሾፌሮችና ረዳቶች ሞልተውበታል። ኢማስ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከመደርደሪያው ሳህኖቹን እያነሳች ባልዲው ውስጥ ታለቀልቅ ጀመር። የታጠቡ ናቸው። ግን በዚህ ቤት የታጠበ ሳህን እንደገና ሳይለቀለቅ ምግብ አይወጣበትም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በደንበኛው ዓይን ፊት የምታለቀልቀው እሷ ነበረች። አሁንም በመጣች ቁጥር እጇ ሳይታዘዝ ይጀምራል።

«ደግ አደረግሽ መጣሽ፣» አለች አምቡ ድንጋዩ ላይ የሳምባሉን በርበሬና ቲማቲም እየፈጨች። «ሰኞ ዕለት አንዱ የታሲክማላያ ሾፌር ሳህን መለሰብኝ።»

«ምን ሆነና?»

«ሳምባል ደርቆበታል አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ! ‹አምቡ፣ የማንን ትራፊ ነው የምታበይኝ?› አይለኝም? አርባ ዓመት እዚህ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶብኝ አያውቅም።»

«ታዲያ አልታጠበም ነበር?»

«አጥቤዋለሁ እኮ! በገዛ እጄ!» አምቡ ዝም አለችና መፍጫውን አስቀመጠች። ድምፅዋ ወረደ። «እንጃ ኢማስ። ዓይኔ ነው መሰለኝ። ከታጠበው ያልታጠበውን ለይቶ አያሳየኝም። ጉም ጉም ይለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ምን አውቃለሁ። አንቺ ስትመጪ ሁሉንም ታለቀልቂዋለሽ። አንቺ ካለቀለቅሽው እኔ በደንብ ልጠብ አልጠብ በምን ይታወቃል?»

ኢማስ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ከሳህኑ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ረዳት «ቴህ፣ ሩዜ!» እያለ ሁለት ጊዜ ጠራት፤ አልሰማችም።

«አንቺ! ምን ነካሽ?» አለች አምቡ።

«አምቡ፣ ነገ ሐኪም ጋ ይዤሽ እሄዳለሁ። አይ፣ ነገ አይደለም፣ ቅዳሜ።» ሳህኑን እናቷ እጅ ላይ አኖረች። «አሁን መሄድ አለብኝ።»

«ሳትበዪ?»

መንገድ ተሻግራ ሄዳለች።

በአንድ ሞተር ሳይክል ጀርባ ዝናብ እየመታት ስትመለስ መስመሩን በሐሳቧ ታየው ነበር፤ በፈተናዋ ውስጥ ያለውን ሦስተኛ መስመር። ከመፈተኗ በፊት ሳህኑን በዜሮ ትሞላዋለች። ንጹሕ ሰው ስለሆነች። በቆሸሸ ሳህን ሥራ መጀመር ነውር ስለሆነባት። ከዚያ አስኳሉ ጠረገ አልጠረገ ብላ ታያለች፤ በእርግጥ ባዶ ነው፤ ቀድማ ባዶ ያደረገችው እሷ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ የራሷን ንጽሕና እያየች የሌላውን ስትመሰክር ኖራለች።

እርጥብ ልብሷን ሳትቀይር ተቀመጠች። መስመሩን አላጠፋችውም፤ ለወጠችው። በዜሮ ፋንታ ሳህኑን በራሷ ስም አቆሸሸችው፤ ኢማስ፣ ኢማስ፣ ኢማስ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ የተበላሸውን አድራሻ ላከች።

ቀይ በራ።

ሳህኑን ከፍታ አየችው። ግልበጣው መሃል ላይ በተቋረጠበት ሁሉ፣ ከተቋረጠበት ነጥብ ወዲያ፣ የራሷ ስም ተደርድሮ ያያታል። ዴደንን አልጠራችውም፤ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ማጣቱ አስደንግጦት እሱ ራሱ መጣ። ከትከሻዋ በላይ አነበበ። ጆሮው ቀላ።

«የኔ ነው፣» አለ። «ፍጥነት ስፈልግ መጥረጊያውን ዘልዬዋለሁ። ቴህ፣ እኔ እኮ...»

«ያንተ የአራት ወር ነው፣ ዴደን። የኔ የሰባት ዓመት።»

«ከኔ በፊት የነበረው በደንብ ይጠርግ ነበር እኮ። ፈተናሽ የሚያየው ጥፋት አልነበረም።»

«ዓይነ ስውር ዘበኛ ሌባ ስላልመጣ ጎበዝ ይባላል?»

ዴደን «ሻይ ላምጣልሽ፣ ጣፋጩን?» አላት። «አምጣ» አለችው፤ ግን ሲመለስ ወንበሩ ላይ አላገኛትም።

ሐሙስ ጠዋት ፓ ሱርያናታ ቢሮ ገባች። ሰውዬው ለዓርብ የሚለብሰውን ባቲክ ሸሚዝ በመስቀያ አንጠልጥሎ ከግድግዳው ጋር አስደግፎታል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጡረታ ሳይወጣ የሚኮራበት አንድ ቀን ነበር የሚፈልገው፤ ነገ ያ ቀን ነው። ቆማ ነገረችው። ቁጭ በይ ቢላት እምቢ አለች።

«የስም ጭራ፣» አለ በረጅሙ ተንፍሶ። «ኢማስ፣ አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ስም ጭራ ስድሳ አዋላጅ ባዶ እጇን ትመለስ? ዴደን ስሙን በባዶ ሆሄ ይሙላው። ጭራው አይታይም። ከወር በኋላ እየዞርን እናስተካክለዋለን።»

«አይታይም እንጂ ይኖራል፣ ፓ።»

«ፈተናው አልፏል ብለሽ ፈርመሽ ታውቂያለሽ አይደለም?»

«አዎ።»

«ፈተናው እንደማያይ ማን ያውቃል?»

«እኔ። ዴደን።»

«ዴደን አያወራም፣» አለ አለቃዋ በዝግታ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለእሷ ያዘነም ይመስላል። «ሰባት ዓመት የፈረምሽው ወረቀት ሁሉ ይከፈታል እኮ። ደንበኞች ይጠይቃሉ። ከዛሬ ወዲያ ኢማስ ፈትናዋለች ማለት ምን ማለት ይሆናል? ስለራስሽ አስበሻል?»

አስባለች። ከረቡዕ ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም። ከስሟ በቀር በዚህች ከተማ ምን አላት? ማግባቱም ሆነ መውለዱ አልፎባታል፤ እንዲህ ሲሆን ሰው ጥንቃቄውን እንደ ልጅ ያሳድገዋል። አሁን ያ ልጅ ዕውር ሆኖ መወለዱን ነው የነገሯት፤ የነገረቻትም እሷው ራሷ።

ከኪሷ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይኼ ምንድነው?»

«የልብ ምት ነው። ዛሬ ጠዋት ከመጋዘን አንዱን ሳጥን ከፍቼ ሞከርኩት። በድምፅ ማጉያ የጤነኛ ፅንስ ምት አሰማሁት፤ በደቂቃ መቶ አርባ። አተመ። ከዚያ ሌላ እናት ናት ብዬ አዲስ ስም አስገባሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ደካማ ምት ሰጠሁት፣ መሃል ላይ አቋረጥኩት።» ጣቷን በወረቀቱ ላይ ጎተተች። «እዚህ ድረስ የሁለተኛው ነው፣ ይኸው፣ እየደከመ ሲሄድ ይታያል። ከዚህ ወዲያ ድምፅ አልነበረም፣ ፓ። ምንም። ወረቀቱ ባዶ መሆን ነበረበት።»

ወረቀቱ ባዶ አልነበረም። መስመሩ ከደከመበት ተነስቶ፣ ጤናማ፣ እኩል እኩል፣ እስከ ጫፉ ይዘላል። መቶ አርባ።

«ስሙም የልብ ምቱም የሚገቡት በአንድ ደጃፍ ነው፣» አለች። «አዋላጇ ይኼን አይታ፣ አገገመ፣ ደህና ነው ትላለች። እናትየዋን ወደ ቤቷ ትሰዳለች።»

ፓ ሱርያናታ መነጽሩን አወለቀ። መልሶ አደረገ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ብርሃን የሚለውጠው ይመስል።

«ለማስተካከል ስንት ጊዜ ይወስዳል?»

«መስመሩ አንድ ነው፣ ዴደን ጨርሶታል። እንደገና መፈተኑ አሥር ቀን። ሁሉንም ፈተና ነው የምፈትሸው፤ ሌላም ቦታ ቀድሜ ጠርጌ እንደሆነ። ደግሞም ብቻዬን መሆን የለበትም። የኔን ፈተና ዴደን ያፍርሰው።»

«አንቺን የሚፈትን?»

«አዎ።»

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ ወደ ባቲኩ አየ። ከዚያ የፈተናውን ቅጽ ወደ እሷ ገፋው። «እንግዲህ የምታውቂውን ጻፊ፣» አለ፤ ስልኩንም አንስቶ ወደ ጋሩት ደወለ። ኢማስ «አላለፈም» ብላ ጻፈች። በሥሩ ባለው «ምክንያት» በሚለው ጠባብ ቦታ ላይ፦ «የግልበጣው ጭራ አይጠረግም። ፈተናው ይህን ማየት አይችልም ነበር። ፈተናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ፈረመች። ከጀርባዋ አለቃዋ በስልክ «አዎን ጌታዬ፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ ስድሳውም ጌታዬ» ሲል ይሰማታል፤ በየ«ጌታዬ»ው ጎንበስ የሚል ድምፅ ነበር።

ዓርብ፣ ድግሱ ይሆን በነበረበት ሰዓት፣ የመንደሮቹን አምስት ማሽኖች ልትሰበስብ ራሷ ወጣች። አራቱን ሰብስባ ኑኑንግ ጋ የደረሰችው ከጁምዓ ጸሎት በኋላ ነው። አዋላጇ የክሊኒኩ በረንዳ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ማሽኑን አስቀድማ በጨርቅ ሸፍናዋለች።

«ሬሳ መሰልሽኝ፣» አለቻት። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ነይ ግቢ። ቲቲን ውስጥ ናት፤ እንድታገኚያት እኔ ነኝ የጠራኋት። ነገሩን አንቺው ንገሪያት፣ እኔስ አልችልም። ስሙን ቀበሌ ሄዳ ልታስመዘግበው ነው።»

ቲቲን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሆዷ ወደፊት ገፍቷል። ኢማስ ፊት ለፊቷ ቆማ፣ አሁንም ሳትቀመጥ፣ ሁሉንም ነገረቻት። ስሙ የኤንቲን ቅሪት መሆኑን፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ።

ቲቲን አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «እና የኤንቲንን ስም ነው የሰረቅኩት? አታውቂያትም እንጂ ቴህ፣ ኤንቲን ወንፊቴን ወስዳ ዓመቷ ነው። ካርቲኒውን በወንፊቱ እይዝባታለሁ!»

ኑኑንግም ሳቀች። ኢማስም ፈገግ ልትል ስትል ልጅቷ ሳቋን አቆመች። ከጉያዋ አጣጥፋ የያዘችውን ወረቀት አወጣች። የሰኞው ነው፤ ለባሏ ልታሳየው አስቀምጣው ነበር።

«ቴህ፣» አለች። «ይኼ ልቡስ? የኔ ልጅ ነው ወይስ የኤንቲን?»

ኢማስ ወረቀቱን ተቀበለች። መስመሩ ያምራል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። መቋረጫውን ፈለገች፤ አዲሱ አልቆ አሮጌው የሚጀምርበትን። የለም። ሁለት ጤነኛ ልቦች ሲገጣጠሙ ስፌት አይታይባቸውም።

«መጀመሪያው ያንቺ ነው፣» አለች። «መጨረሻውን አላውቅም።»

በሰባት ዓመት ውስጥ ያንን ቃል በሥራዋ ላይ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ቲቲን ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ኑኑንግ፣ «ኧረ ምን ነካችሁ!» ብላ ከመሳቢያዋ የእንጨት ቀንድ አወጣች፤ ማሽን ሳይመጣ በፊት ሁሉም አዋላጅ የሚጠቀምበትን፣ አፉ ሰፊ፣ ጆሮው ጠባብ የሆነውን። «ተኚ» አለቻት ወደ መመርመሪያው አልጋ እያመለከተች። ቀንዱን ሆዷ ላይ ተክላ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ዓይኗ የግድግዳ ሰዓቱ ላይ ነው። ከንፈሯ ይቆጥራል። ደቂቃው ሞላ።

«መቶ ሠላሳ ስምንት፣» አለች ቀና ብላ። «የማንም አይደለም። ያንቺው ነው።»

ቲቲን በአንዴ ተነፈሰች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። ኑኑንግ ቀንዱን ወደ ኢማስ ዘረጋች። «ነይ፣ አንቺም ስሚው።»

«እኔ?»

«እህስ! አሥራ አራት ዓመት ስትሠሪው አንድም ቀን አልሰማሽውም።»

እውነት ነበር። ኢማስ ካልጋው ጎን ተንበረከከች፤ ከማክሰኞ ወዲህ እግሯ በወጉ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው። ቀንዱን ያዘች፤ ግን አላስጠጋችውም።

«ፑንተን፣» አለች፣ ለእናቲቱ ይሁን ለሆዷ ሳይታወቅ።

ቲቲን እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ሳቀች። «ማንጋ፣ ቴህ።»

ጆሮዋን አስጠጋች። መጀመሪያ የራሷ ደም ብቻ ነበር የሚጮኸው። ትንፋሿን ያዘች፤ የራሷ ድምፅ እስኪጠረግ፣ የልጁ እስኪሰማ ጠበቀች።